የእትዬ ዘነበች ባና

ይህን ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ጾም በገባ ቁጥር ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይህቺን እዘላታለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ ግን ደብቄው እንጀራ በላሁበት።

ሞላሌ ከተማ አስተምር በነበረበት ጊዜ ትምህርት ቤታችን ሰፊ ስስ ዲስክ የሚጎርስ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረው። ቢሮውን የሚያጸዱት እትዬ ዘነበች ብርዱንና አቧራውን ፈርተው፣ ማታ ማታ ራሳቸው በፈተሉት የበግ ጠጉር ባና ይጠቀልሉታል። እኛ መምህራን "አራስ ልጅ አደረጉት" እያልን እንስቅባቸው ነበር። ከሥራ በኋላ እኔ ዘንድ ተቀምጠው በኮምፒውተሩ መጻፍ ይለማመዱ ነበር። የስማቸውን ፊደል ከቁልፎቹ መካከል ፈልገው ሲያገኙ ደስታቸው ለእኔም ይተርፍ ነበር።

አንድ ውርጭ የጣለበት ጠዋት ቸኩዬ፣ የዲስክ ማስገቢያውን አፍ የሚዘጋውን ትንሽ የፕላስቲክ መቀርቀሪያ በኃይል ገፋሁት። ቋ ብሎ ተሰበረ። እኔ ሰበርኩት፤ ሌላ ሰው አልነበረም። ርዕሰ መምህሩ ሲጠይቁኝ ምን አልኩ? የእትዬ ዘነበች ባና ይዞ ስቦት ይሆናል አልኩ። ማን አስገደደኝ? ማንም። ኮምፒውተሩ መጋዘን ገባ። እትዬ ዘነበች ከቢሮ ወጥተው ግቢ ጠራጊ ሆኑ፤ የጽሕፈት ልምምዳቸውም እዚያው ቀረ።

ስብርባሪውን ግን ለቅመው በክብሪት ቀፎ አኑረውት ኖሮ፣ ምናልባት የሚጠገን ከሆነ ብለው ለእኔው ሰጡኝ። ለእኔ! አጣበቅኩት፤ በለስላሳ ላስቲክ ቅርጹን አውጥቼ ፈሳሽ ፕላስቲክ አፈሰስኩበት። አንዱ ሲደርቅ ተጣመመ፣ ሌላው ስሞርደው ተሰነጠቀ። ቆይቶ እጄ ለመደ። ዛሬ አሮጌ ኮምፒውተር የሚሰበስቡ ሰዎች ከአዲስ አበባ ድረስ የተሰበረ ቁልፍና መቀርቀሪያ ይልኩልኛል፤ አምሳያውን ሠርቼ እመልሳለሁ። ልጆቼን ያሳደግኩት በዚህ ነው። ይህን ሁሉ የሰጡኝ እትዬ ዘነበች ናቸው፤ ሳላመሰግናቸው የማድርበት ቀን የለም። በልቤ ብቻ ግን።

በቅርቡ ያ ኮምፒውተር ከመጋዘን ወጣና እንድጠግነው ተሰጠኝ። አዲሱን መቀርቀሪያ ገጥሜ እትዬ ዘነበችን አስጠራኋቸው። በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት።

"እኔ የሰበርኩትን ጠገንክልኝ" አሉ። "ሲቆጨኝ ነበር የኖረው። እግዜር ውለታህን ይክፈልህ፣ ልጄ።"

ለካ አምነውኝ ኖሯል። እኔ ባወራሁት ውሸት ይህን ሁሉ ዘመን ራሳቸውን ሲወቅሱ ኖረዋል። እኔስ ምን መለስኩ? አሜን አልኩ። ጎንበስ ብዬ፣ አሜን።

አንተ የምታነበኝ፣ ይፍታህ አትበለኝ፤ ይቅርታው የእሳቸው ነው። ነገ በአገራችን ወግ ድንጋይ ተሸክሜ ደጃቸው እቆማለሁ። ይቅር ቢሉኝ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጫቸው ከስማቸው እንጀምራለን። ባይሉኝም የሰበርኩት እኔ መሆኔን ሰምተው ይደሩ፤ ያን አሜን ይዤ ሌላ ቀን ማደር አልችልም።