በግድግዳ ላይ የተሰቀለች ጣውንት

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ባላቸውን ከሴት ጋር ይዘው አያውቁም። ጡረታ የወጡት መምህር አቶ አፈወርቅ ጠላ ቤት የማያመሹ፣ ከሞላሌ ገበያ ቀጥ ብለው ቤታቸው የሚገቡ ሰው ናቸው። ስለዚህ ወይዘሮዋ ቀናሁ ብለው ለጎረቤት ቢናገሩ የሚያምናቸው አልነበረም። የቀኑባት ሴት ሥጋ የላትም። ክንድ በማትሞላ አቡጀዴ ላይ በቀለም የተሳለች፣ ከበግ ጸጉር ክምር አጠገብ ተቀምጣ እንዝርት የያዘች ወጣት ናት። ፈትሏ አይበጠስ፣ ጸጉሩ አያልቅባት፣ እርጅና አይነካት።

«ጣውንቴ» ይሏታል።

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ የዘመሮ ሰው ናቸው። አባታቸው በግ አርቢ ስለነበሩ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጸጉር ሲፈትሉ ነው ያደጉት። በዚያ አገር ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል፣ ባና የሚባለው ወፍራም ብርድ ልብስ ይሆናል። ያለ ባና የመንዝን ውርጭ የሚችል የለም። ለሠርጋቸው ራሳቸው የፈተሉትን ባና ይዘው ሞላሌ ሲገቡ ያቺ ሴት እልፍኙ ውስጥ፣ ልክ ከአልጋው ራስጌ ተሰቅላ ጠበቀቻቸው።

«ይቺ ማን ናት?» ብለው ጠየቁ ሙሽራዋ።

«ማንም አይደለችም። ሥዕል ናት» አሉ ሙሽራው።

ማንም ያልሆነች ሴት ራስጌ ላይ ምን ትሠራለች? ወይዘሮዋ ይህን ጥያቄ በልባቸው ያዙት። ሌላ ሰው ቂም ይይዛል፤ እሳቸው ጥያቄ ያዙ። ጥያቄ ደግሞ ከቂም ይልቅ እንቅልፍ ይነሳል።

ብዙም ሳይቆይ አቶ አፈወርቅ ሌሎች ሥዕሎች መግዛት ጀመሩ። ከመንገደኛ ሠዓሊ ገዙ፣ ባሏ ከሞተባት ሴት ገዙ፣ ኮርቻ ተጠቅልሎበት የመጣ የብራና ሥዕል እንኳ ሳይቀር ለምነው ወሰዱ። ቅዱሳን መጡ፣ ፈረሰኞች መጡ፣ ሸንጎ የተቀመጡ ዳኞችና ግብር የሚያበሉ ነገሥታት መጡ። የእልፍኙ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ በዓይን ተሞላ። ጭስ ቀለም ይበላል ተብሎም እልፍኙ ውስጥ እሳት ማንደድ ተከለከለ። የጥቅምት ውርጭ ደጅ ላይ ሣሩን ነጭ ሲያደርግ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ እሳት በሌለበት ክፍል ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ጋር ይተኛሉ።

አንድ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰ። አቶ አፈወርቅ ብድግ ብለው ከአልጋው ላይ ባናውን ገፈፉ፤ ያንኑ ሚስታቸው ለሠርጋቸው የፈተሉትን። ወስደው ያለበሱት ሥዕሏን ነው።

«ቅዱሳኑን ቢያለብሱ ምን አለበት፣ በረከት ነው» ይላሉ ወይዘሮዋ ይህን ሲያነሡ። «እሷን! የኔን ፈትል ለእሷ!»

የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ደንብ አለው። ጻድቃን ፊት ለፊት ይሳላሉ፣ ሁለቱም ዓይናቸው ይታያል። ክፉዎች በጎን ስለሚሳሉ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ይህች ፈታይ ግን ሁለት ትልልቅ ዓይኖቿን ገልጣ ነው የምታየው። አንድ ቀን ጎረቤታቸው መሪጌታ መልከ ጼዴቅ ሥዕሎቹን ሊያዩ ገብተው ሳለ ወይዘሮዋ በጣታቸው አሳዩዋቸው።

«የኔታ፣ ይቺ ጻድቅ ናት እንዴ? ሁለት ዓይን ማን ሰጣት?»

«ሠዓሊው ወዷት ይሆናላ» አሉ መሪጌታ ፈገግ ብለው።

«ሠዓሊው ብቻ በሆነና!»

እንዲህ እያሉ አረጁ። ልጅ አልተወለደላቸውም፤ የሥዕሉ ወሬ ግን ከሞላሌ አልፎ ቀየትም መሐል ሜዳም ደረሰ። አምና አንዲት ወጣት የወረዳው የባህል ባለሙያ ከነማስታወሻዋ መጣች። ራኒያ ትባላለች፤ ወላጆቿ ከቆላው ወገን የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። የድሮውን የእህል መጋዘን አጽድታ፣ ግድግዳውን ኖራ አስቀብታ ሙዚየም ልታደርገው አስባለች፤ ግድግዳው ላይ የምትሰቅለው ግን አልነበራትም። አቶ አፈወርቅ ስብስባቸውን በሙሉ እሰጣለሁ አሏት። ሀብቱ የትዳር ስለሆነ ወደ ሚስታቸውም መጣች።

«እማማ፣ ጋሼ ፈቅደዋል። የቀረን የእርስዎ ፈቃድ ብቻ ነው።»

«ሁሉንም? ያቺንም?»

«ሁሉንም።»

የወይዘሮዋ ፊት እንደ መስከረም ሜዳ ፈካ። «ውሰጅልኝ ልጄ! ዛሬ ነገ ሳትይ ውሰጅ። እኔም በስተርጅና እልፍኜ ውስጥ እሳት ልሙቅ።»

ራኒያ ደስታቸውን ልትጨምርላቸው ብላ ቀጠለች። «ጋሼም ከሥዕሎቹ አይለዩም። ቁልፉን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። መጋዘኑ ጎን ያለችው ክፍል ውስጥ አልጋ እናስገባላቸዋለን፤ ሲፈልጉ እዚያው ያድራሉ።»

በወይዘሮዋ እጅ ላይ ይሽከረከር የነበረው እንዝርት ቆመ።

«ይህን ማን አሰበ?»

«እሳቸው ናቸው የጠየቁት። ሌላ ምንም አልጠየቁም።»

«አሃ!» አሉ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ። «ጎጆ ሊወጡ ነዋ!»

ራኒያ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። በዚህ ዕድሜያቸው ባላቸው አልጋ ይዘው ወደዚያች ሴት ቤት ሊገቡ ነው፤ ያውም ራሳቸው መርቀው እንዲሸኟቸው ተፈልጎ! «ግማሹ የኔ ነው» አሉ። «አልሰጥም። በሽማግሌ ይካፈል።»

ራኒያ ለመነች፣ አቶ አፈወርቅ ተቆጡ፣ ዘመድ መጣ። ወይዘሮዋ ፍንክች አላሉም።

በአገሩ ደንብ ባልና ሚስት ሀብት ሲካፈሉ አንዱ ይከፍላል፣ ሌላው ይመርጣል። የከፈለ አይመርጥም። ስለዚህ ከፋዩ የባሰው እንዳይደርሰው ፈርቶ ሁለቱን ድርሻ እኩል ያደርጋል። በግም፣ እህልም፣ ማሰሮም በዚህ ደንብ ይካፈላል። ሥዕል በዚህ ደንብ ሲካፈል ግን ሞላሌ አይታ አታውቅም። በቀጠሮው ጠዋት ግቢው በሰው ሞላ። ሥዕሎቹ ከእልፍኝ ወጥተው ደጅ ላይ ተዘረጉ። ያን ሁሉ ዘመን በጨለማ የኖሩ ቀለሞች ፀሐይ ሲነካቸው! ቀዩ እንደ ትኩስ በርበሬ፣ ሰማያዊው ከዝናብ በኋላ እንደሚታይ ሰማይ።

መሪጌታ መልከ ጼዴቅና ሸማኔው አቶ ጫኔ በሽማግሌነት ተቀመጡ። «አፈወርቅ ይክፈል፣ ወለተጊዮርጊስ ትምረጥ» ብለው ወሰኑ።

አቶ አፈወርቅ ተነሡ። ከዚያ ቅዱሳኑን አንሥተው ወደ ቀኝ አኖሩ። ፈረሰኞቹን ወደ ቀኝ። ዳኞቹን ወደ ቀኝ፣ ነገሥታቱን ወደ ቀኝ። በመጨረሻ ፈታይዋን በሁለት እጃቸው፣ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን እንደሚነሣ አድርገው አነሡና ብቻዋን ወደ ግራ አኖሯት።

«አፈወርቅ፣ ምን ሆንክ?» አሉ አቶ ጫኔ። «ግራው ባዶ ነው እኮ!»

«ባዶ አይደለም።»

«አንድ ለስልሳ? የኔ ባና እንኳ እንዲህ ተንቆ አያውቅም!» ሰው ሳቀ።

አቶ አፈወርቅ ያሰቡት ግልጽ ነው። ያን ሁሉ ትቶ አንዲት አቡጀዴ የሚመርጥ የለም፤ ሚስታቸው ብዙውን ሲወስዱ ፈታይዋ ለእሳቸው ትቀራለች። እሷን ይዘው መጋዘኑ ይገባሉ። የተማሩ ሰው ናቸው፣ ሒሳብ አስተምረዋል፤ የቀናተኛን ሒሳብ ግን አያውቁም። ቀናተኛ ሰው ክምሩን አይቆጥርም። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ቀኙን ዞር ብለው አላዩትም። ሠላሳ ዓመት ሲጠረጥሩት የኖሩት ነገር አገር በተሰበሰበበት በሚዛን ተቀምጦላቸዋል። ባላቸው በራሳቸው እጅ፣ ያ ሁሉ ከእሷ ጋር እኩል ነው ብለው መስክረዋል። ጥርጣሬያቸው እውነት ሲሆን ደስ ይለኛል ብለው ነበር። ደስ አላላቸውም።

«ይቺን» አሉ በጣታቸው።

አቶ አፈወርቅ ክው አሉ።

«ወለተጊዮርጊስ፣ አስቢበት» አሉ መሪጌታ። «ያኛው ብዙ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት አሰብኩበት፣ የኔታ።» ከዚያ ወደ ባላቸው ዞሩ። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ «እርስዎ» ሲሉ የኖሩ ሴት ያን ቀን አንተ አሉ። «በል አሁን ንገረኝ። ማን ናት?»

አቶ አፈወርቅ መሬት መሬት አዩ። «ምሥራቅ ናት። የቀየቷ።»

ከጋብቻቸው በፊት ቀየት ሲያስተምሩ የታጨችላቸው ልጅ ነበረች። አባቷ ሐሳቡን ቀይሮ ለሌላ ሰጣት፤ ባሏም ይዟት ከአገር ወጣ። በዚያው ሰሞን ቀየት የሰነበተ አንድ ሠዓሊ በእናቷ ግቢ ስትፈትል አይቶ ስሏት ነበርና አቶ አፈወርቅ ሥዕሉን ገዙት።

«ሌሎቹንስ? ያን ሁሉ ለምን ገዛህ?»

«አንድ ብቻ ከሆነች ደግመሽ ትጠይቂያለሽ ብዬ» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ብዙ ሲሆኑ እሷ አትለይም ብዬ ነው። በኋላ ሌሎቹንም ወደድኳቸው።»

የሚያስገርም ነው! አንዲትን ሴት ለመደበቅ እልፍኝ ሙሉ ሕዝብ! ፈረሰኛው ከነፈረሱ፣ ዳኛው ከነሸንጎው፣ ንጉሡ ከነግብሩ ለእሷ ከለላ ሊሆኑ ነበር የተጠሩት። ዛሬ የሞላሌ ሙዚየም የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው፤ አንድ ሰው በደበቀውና አንዲት ሴት በቀናችበት ነገር ላይ።

አቶ አፈወርቅ ድርሻቸውን በቃላቸው መሠረት ሰጡ፤ ሙዚየሙ ተከፈተ። የመጋዘኑ ጎን ክፍል ግን አልጋ አልገባባትም። አቶ አፈወርቅ ጠዋት በሩን ለራኒያ ከፍተው ቁልፉን ይዘው ይመለሳሉ። የሚወዱት ቤት ውስጥ ቀርቷላ።

ከተማው ወይዘሮዋ ሥዕሏን ያቃጥሏታል ብሎ ጠብቆ ነበር። እሳቸውም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምድጃው አጠገብ ይዘዋት ተቀምጠው ነበር። ግን ተዉት። «ብትቃጠል እሳቸው ልብ ውስጥ ትቀራለች» አሉ ለመሪጌታ። «እዚያ ደግሞ እጄ አይደርስም።»

እልፍኙ አሁን እሳት አለው፤ ይሞቃል። ግድግዳው ላይ ያለችው ግን እሷ ብቻ ናት፤ የሚከልላት የለም። አቶ አፈወርቅ ከፊቷ ቁጭ ይላሉ። ወይዘሮዋ በውጭኛው ክፍል እየፈተሉ የባላቸውን ዝምታ ይሰማሉ። ከእሳቸው ጋር ሲሆኑ ዝም ማለት ያስጨንቃቸው የነበሩ ሰው ከእሷ ጋር ዝም ብለው ይውላሉ። አንድ ቀን ወይዘሮዋ ሥዕሏን ገልብጠው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞሯት። አቶ አፈወርቅ መጥተው ጀርባውን ማየት ጀመሩ።

ይሄኔ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ሥዕሏን በነጠላ ጠቅልለው ብድግ አሉና ወደ ሙዚየሙ ወረዱ።

«ልሰጥ ነው የመጣሁት» አሏት ራኒያን።

«አልሐምዱሊላህ! እማማ፣ እንዴት ደስ…»

«ቆይ፣ አትቸኩይ። ከሥሯ የኔ ስም ይጻፍ። የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሁለተኛ፣ ቁልፉን ከጋሼሽ ተቀበይ። ብቻቸውን ከእሷ ጋር አይግቡ። ማየት ካማራቸው እንደ ሰው ሁሉ በር ሲከፈት ይምጡ፣ ሰው ባለበት ይዩዋት።»

«እማማ፣ ሥዕል እኮ ናት።»

«አውቃለሁ። ሥጋ ብትሆንማ እስካሁን አርጅታ ነበር።»

ራኒያ ሳቋን ዋጠች። «ታዲያ ዓይንዎ ሥር ቤት ብትቆይ አይሻልም ነበር?»

«ቤት ስትሆን የእሳቸው ብቻ ናት። የሕዝብ ስትሆን ግን የማንም አይደለችም።»

ራኒያ ቁልፉን ተቀበለች፤ ሥዕሏን ከበሩ ፊት ለፊት ሰቀለቻት። አሁን በገበያ ቀን በግ ሻጩም፣ ጸጉር የጫነችውም ሴት፣ ከትምህርት ቤት የተለቀቀውም ልጅ ይገባል። አቶ አፈወርቅም ይመጣሉ። ኮፍያቸውን አውልቀው ከሰው ኋላ ይቆማሉ፤ የሰው ትከሻ ሲከልላቸው አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ባለፈው አንዲት ገበያተኛ «ይቺ ቆንጆ የማን ናት?» ብላ ጮክ ብላ ጠየቀች። አቶ አፈወርቅ አፋቸውን ከፈት አደረጉ።

«የኔ ናት» አሉ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ቀድመው።

በገበያ ቀን አይቀሩም። በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይፈትላሉ። ሰው ሁሉ ወደ ሥዕሏ ያያል። እሳቸው ግን አያዩዋትም፤ የሚያዩት የባላቸውን ፊት ነው።