የመጀመሪያው ደመወዜና አማቴ

አራዳ ውስጥ፣ በአንድ አርመን ማተሚያ ቤት፣ ፊደል ለቃሚ ሆኜ የተቀጠርኩት በኅዳር መባቻ ነው። ትዳር ከያዝኩ ገና መንፈቅ አልሞላኝም ነበር። ሥራዬ ከእርሳስ የተቀረጹትን ፊደላት ከሣጥናቸው አንድ በአንድ እየለቀምኩ ቃል እስኪሆኑ መደርደር ነው። ዳዊት ደግሜ ያደግሁ ሰው ነኝና ፊደሉ አልገደደኝም፤ ያስቸገረኝ ሁሉም ተገልብጦ መቀረጹ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤቴ ገብቼ እንኳ ነገር ሁሉ ከቀኝ የሚጀምር ይመስለኝ ነበር።

አሠሪዬ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነበር። አገራችን ብዙ ዘመን ቢቀመጥም ወንዱንም ሴቱንም "አንቺ" ነው የሚለው። ሲቀጥረኝ፣

"ወር ሲሞላ ደመወዝሽን ትወስጃለሽ" አለኝ። ከዚህ በላይ መጠየቅ ነውር መስሎኝ እጅ ነስቼ ወደ ሣጥኔ ሄድኩ።

እሪ በከንቱ ሰፈር ከተከራየናት ጎጆ ስደርስ ለባለቤቴ የምሥራቹን ነገርኳት። እሷ የቡልጋ ገበሬ ልጅ ናት። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ፣

"በየወሩ ብር? እንዲያው ዝም ብሎ?" አለችኝ።

"ዝም ብሎማ አይደለም፣ ሠርቼ ነው እንጂ።"

"አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሠሩ በየወሩ ብር የሰጣቸው የለም።"

ነገሩ ከቀልድ አላለፈም ብዬ ነበር። እሷ ግን ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ወሬውን ለአባቷ ልካላቸው ኖሮ፣ የነቢያት ጾም እንደገባ አማቴ በበቅሏቸው ሆነው፣ ጤፍና ሽንብራ የተጫነ አህያ አስከትለው ከች አሉ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ጢማቸውን እየደባበሱ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ገና እግራቸውን ታጥበው ሳይጨርሱ፣

"ልጄ፣ መሬት አለህ?" አሉኝ።

"የለኝም፣ ጌታዬ።"

"ከብትስ?"

"የለኝም።"

"ታዲያ ምን ይዘህ ነው ሠራተኛ ነኝ የምትለው?"

"ደመወዝ አለኝ።"

"እስቲ አሳየኝ።"

"ገና ወሩ አልሞላም።"

ጢማቸውን ደባበሱና፣ "እንግዲያው ሲሞላ አየዋለሁ" አሉ። ከዚያ ወዲያ አገር ቤት ስለ መመለስ አንድ ቃል አልተናገሩም።

እውነቱን ለመናገር እኔም ከእሳቸው የባሰ ቸኩዬ ነበር። ኪሴ ባዶ፣ የቤት ኪራዩ ደርሶ፣ በባለቤቴ ነጠላ ላይ ያለው ቀዳዳ በየቀኑ እየሰፋ ነው። የምንበላው አማቴ ያመጡትን ሽንብራ ነው፤ አንድ ቀን ሽሮ፣ አንድ ቀን ንፍሮ፣ አንድ ቀን ደግሞ ቆሎ። እሳቸው ግን ሲያጎርሱኝ ፊታቸው ላይ ቅሬታ አይቼ አላውቅም።

ኅዳር አለቀ። ያን ዕለት ልቤ እየዘለለ ስሠራ ዋልኩ። አሠሪዬ ግን እንደ ወትሮው በሩን ዘግቶ "ደህና እደሪ" ብሎኝ ሄደ። በማግሥቱም እንደዚያው። መጠየቅ አፈርኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አማቴ ጋቢያቸውን ደርበው፣ በትራቸውን ይዘው በር ላይ ጠበቁኝ።

"ዛሬ አብረን ነን" አሉ።

ማተሚያ ቤቱ ስንደርስ አማቴ በቀጥታ ወደ አሠሪዬ ሄዱ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ፣ "የልጄ ወር ሞልቷል" አሉት።

"አልሞላም፣ አባቴ፣ አንቺ ተቀመጪ" አለ አሠሪዬ።

አማቴ ከኋላቸው ሴት የቆመች መስሏቸው ዞር አሉ። ማንም የለም። እኔ ሳቄን ልውጠው ጥርሴን ነከስኩ። አሠሪዬ ግድግዳው ላይ የሰቀለውን የፈረንጅ ቀን መቁጠሪያ በጣቱ እየነካ፣ እሱ ደመወዝ የሚከፍለው በፈረንጆቹ ወር ማለቂያ እንደሆነ፣ እኔ ደግሞ የገባሁት ከወራቸው መካከል ስለሆነ ገና እንደሚቀረኝ አስረዳ።

"ወር ደግሞ የእኔና የአንተ ተብሎ ይከፈላል?" አሉ አማቴ። "ጨረቃዋ አንድ አይደለችም?"

አሠሪዬ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አይቶ ይሁን አዝኖልኝ፣ እጁን ወደ መሳቢያው ሰደደና፣ "ግድ የለም፣ ግማሹን አሁን እሰጣለሁ" አለ። ኪራዩም፣ ነጠላውም በዓይኔ ዞሩ።

አማቴ እጃቸውን ዘረጉ፤ ለመቀበል አልነበረም፣ ሊከለክሉት እንጂ።

"አይሆንም። ቤታችን እህል አለ፤ ልጄም የቸገረው ሰው አይደለም። በቃልህ፣ ወርህ ሲሞላ ትሰጠዋለህ።"

መሳቢያው ሲዘጋ የሰማሁት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቴ በየዕለቱ ከእኔ ጋር እየመጡ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይቀመጡ ጀመር። የሚመጣውን ደንበኛ ሁሉ ከየት እንደመጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቀው ነው የሚያስገቡት። አሠሪዬ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ቆይቶ ግን ወደደው። ከሰዓት በኋላ በርጩማ አውጥቶ አጠገባቸው ይቀመጥና ስለ ከብትና ስለ መከር ይጠይቃቸዋል። እሳቸውም ሊያርሙት አልሞከሩም፤ "አንቺ" ሲላቸው "አቤት" ይሉ ነበር።

የገና በዓል ሳምንት ሲቀረው የፈረንጆቹ ወር ሞላ። አሠሪዬ ጠራኝና መዳፌ ላይ የታጠፈ ነገር አስቀመጠልኝ። ስዘረጋው የባንክ ወረቀት ነው። ከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ ገንዘብ መውጣቱን ሰምቻለሁ፣ በእጄ ግን ይዤው አላውቅም። ወደ በሩ ወጥቼ ለአማቴ አሳየኋቸው።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ብር ነው፣ ጌታዬ።"

ተቀበሉኝና ከፍ አድርገው ለቀቁት። ወረቀቱ እየተንሳፈፈ እግራቸው ሥር አረፈ።

"ብርማ ሲወድቅ ይጮኻል" አሉ። ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

አሠሪዬ ወጣና ከባንክ ቤት ቢሄዱ ጠገራ ብር እንደሚሰጧቸው ማለላቸው። አማቴ ወረቀቱን አንስተው መንገድ ጀመሩ። እኔ ተከተልኳቸው። ባንክ ቤቱ ሩቅ አልነበረም። ገንዘብ ያዡ ወረቀቱን አገላብጦ አየና ጠገራ ብሩን ባንኮኒው ላይ ደረደረው። አማቴ አፋቸው ተከፈተ። ብሩን በጋቢያቸው ጫፍ ተቀብለው ወደ ውጭው ደረጃ ወጡና፣ እያንዳንዱን ድንጋዩ ላይ እየጣሉ ጆሯቸውን ያዘነብሉ ጀመር። የአራዳ ሥራ ፈቶች ከበቡን። አንዱ፣

"አባባ፣ የሚዘፍነውን ነው የሚመርጡት?" አላቸው።

"አዎን" አሉ አማቴ ቀና ሳይሉ፣ "ዲዳውን እዚያ ውስጥ ትተነው መጣን።"

ከተማው ሁሉ የሳቀ መሰለኝ። ጠያቂው ራሱ ጎንበስ ብሎ የተንከባለለችውን ብር አነሣላቸው።

እቤት ስንገባ ያስረከቡኝን ብር፣ የመጀመሪያ ደመወዜ ነውና፣ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። እንትፍ እንትፍ ብለው መርቀው መለሱልኝ። ኪራዩን ከፈልን፤ ለባለቤቴ አዲስ ነጠላ ገዛሁ። በገና ዋዜማ ደግሞ ጊዮርጊስ አጠገብ ካለው ገበያ በግ ልንገዛ ወጣን። እኔ በተጠየቅሁት ዋጋ ልከፍል ስል አማቴ በክርናቸው ገፋ አድርገውኝ ግማሽ ቀን ተከራከሩ፤ በጉም ሰልችቶት ተኛ። በመጨረሻ ነጋዴው፣ "ይውሰዱት፣ እኔንም ጭምር!" ብሎ ገመዱን ሰጣቸው።

የገና ዕለት አሠሪዬም መጥቶ አብሮን በላ። እሱ ከሄደ በኋላ አማቴ ጠላቸውን ይዘው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"አንድ ነገር ልንገርሽ። ያን ጊዜ የመጣሁት ልወስድሽ ነበር። ቀልማዳ ያገባሽ መስሎኝ ነው።"

ባለቤቴ አልደነገጠችም።

"የመጡ ዕለት ነው ያወቅሁት" አለቻቸው። "በቅሎዋ ላይ የእርስዎን ሳይሆን የእናቴን የሴት ኮርቻ ጭነው ነበር የመጡት።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"እህሉን ይዘውብኝ እንዳይመለሱ ብዬ።"

አማቴ ጠላቸውን መሬት አስቀመጡ። ትከሻቸው ይነቃነቅ ጀመር፤ ከዚያ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ባለቤቴ ግን አዲሷን ነጠላ እያስተካከለች፣ ምንም እንዳልተናገረች ሁሉ፣ ሌላ ጠላ ልትቀዳልን ተነሣች።