ያልቀመስኩት ተምር

እናቴ በረመዳን የሚቀምሱላት ጎረቤት ነበሯት። ቡታጅራ ውስጥ አጥራችን ከአጥራቸው የተያያዘ፣ እትዬ የምንላቸው ክርስቲያን ሴት ናቸው። የኢድ ዋዜማ የተምር ብስኩት ስትጋግር፣ እሷ ጾመኛ ስለሆነች፣ የተወቀጠውን ተምር በትንሽ ሳህን በአጥሩ ላይ ታቀብላቸዋለች። እሳቸው ቀምሰው ቅቤ ጨምሪ፣ ወይም ኮረሪማው በዝቷል ይሏታል። ምላስ ጫፍ አስነክቶ መትፋት ይቻላል የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ እናቴ ግን አባቷ እንዳስተማሯት ያንንም አታደርግም።

ብስኩቱም የአባቷ ነው። አያቴ በወጣትነታቸው ከየመን መጥተው ቡታጅራ ሱቅ ከፍተው የቀሩ ሰው ናቸው። ዱቄቱን በቅቤ ማሸት፣ ተምሩን መሃሉ ከትቶ ማድቦልቦል፣ ከላይ በሹካ መውጋት፣ ይህን ሁሉ ለእናቴ ያሳዩዋት እሳቸው ናቸው። እኔ ዘጠነኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት ግን አልጋ ይዘው ነበር። ምግብ እምቢ ብለው ነበር። ከእናቴ እጅ ሁለት ማንኪያ ሾርባ ከወሰዱ ያ ቀን ጥሩ ቀን ነው። አንድ ቀን ራሳቸው ለኢድ ብስኩቱ ይኖራል ወይ ብለው ጠየቁ። ከዚያ ወዲያ እናቴ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አባቷ አንዲት ብስኩት ሙሉ ሲበሉ ማየት።

በዚያ ዓመት የረመዳን መጨረሻ ከገና ጾም ጋር ገጠመ። በኢድ ዋዜማ እናቴ ጥቂት ተምር በቅቤ ለውሳ፣ በሳህን ይዛ አጥሩ ዘንድ ብትሄድ እትዬ ሳቁባት።

«ዘንድሮስ የሁለታችንም አፍ ተቆልፏል። ለድመቷ አቅምሻት» አሏት።

እናቴም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ሳያልቅ ተቋረጠ። ወሩን ሙሉ እየጾመች አያቴን ስታገላብጥና ስታጥብ ከርማ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ነበር።

ወደ ቤት ተመልሳ አባቴ ያን ጠዋት ከገበያ ያመጣውን አዲስ ተምር ሰጠችኝ። ጓዳ ገብቼ ብቻዬን ዘሩን ከውስጡ እንዳወጣ ነገረችኝ። ወንድሞቼን ወደ ውጭ ላከቻቸው፤ በሩንም ራሷ ዘጋችው።

የሚቀጥለውን ለመጻፍ አፍራለሁ፤ ካልጻፍኩት ግን የሆነው ነገር አይገባም። በዚያ ሳምንት የወር አበባዬ መጥቶ ስለነበር ጾም አይጠበቅብኝም ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ከአባቴና ከወንድሞቼ ጋር ሌሊት ለሱሁር ምግብ እነሳለሁ፣ ማፍጠሪያው እስኪደርስ ውሃ እንኳ አልነካም። ይርበኛል፤ ቢሆንም ከሁሉ የበረታሁ ጾመኛ ሆኜ መታየት እፈልግ ነበር። ጓዳም ውስጥ ማንም ሳያየኝ ጣቶቼ በተምር እየተጣበቁ አንዲት ፍሬ እንኳ አልቀመስኩም። ስጨርስ እጄን ታጥቤ ሳህኑን ለእናቴ ሳቀርብ እንድታመሰግነኝ ጠበቅኩ። እሷ ፊቴን ለአፍታ አየችና «ደህና ነው?» አለችኝ። እኔም ስለ ሥራው የጠየቀችኝ መስሎኝ ደህና ነው አልኳት።

ተምሩን በቅቤና በኮረሪማ ወቀጠችው። ከሰዓት በኋላ የሰፈራችን ዳቦ ቤት ዳቦ ከምድጃ ሲወጣ እኛ ብስኩቱን እዚያ ለማስጋገር ትሪያችንን ይዘን ደረስን። እናቴ የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ብስኩቱ ቀልቶ፣ መዓዛው አውዶ ወጣ። ያን ያህል አምሮልኝ አያውቅም ብላ ለዳቦ ጋጋሪው ስትነግረው ሰማሁ።

በኢድ ጠዋት አባቴና ወንድሞቼ ከሶላት ሲመለሱ አያቴን በትራስ ደግፈን አስቀመጥናቸው። እናቴ አንዱን ብስኩት ቆርሳ በእጃቸው አስያዘቻቸው። አንድ ጊዜ አኝከው ቆሙ። ከዚያ በጣታቸው ተምሩን ከመሃል አውጥተው የሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጡና ዙሪያውን ብቻ ጥቂት ቀመሱ።

«ሊጡ ልክ ነው» አሉ። «በቃኝ፣ ልጄ።»

እናቴ ከሳህኑ ጠርዝ ያለውን አንስታ አፏ ውስጥ አደረገችው። ኮምጥጦ ነበር። ሽታውን ኮረሪማው ደብቆት ኖሯል።

ማድ ቤት ስከተላት የዱቄቱ ጆንያ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ጓዳ ብቻሽን ያስቀመጥኩሽ ለምን ይመስልሻል?» አለችኝ።

መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«አጥበሽ ጓሮ ያሰጣሽውን ጨርቅ አይቼዋለሁ። አባትሽ ፊት ማፈርሽን አውቃለሁ። ብቻዋን ስትሆን አንድ ሁለት ትበላለች፣ ከተበላሸም ትነግረኛለች ብዬ ነበር።»

ጾመኛ መስዬ ለመታየት ብዬ ነው አልኳት።

«ለማን?» አለች።

ትቆጣኛለች ብዬ ብጠብቅም አልተቆጣችም፤ ለመቆጣትም አቅም አልነበራትም። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋች፤ እኔም ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ቁርጭምጭሚቷን ማሸት ጀመርኩ።

አሁን አዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። አስተማሪ ገባችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ያልገባኝን ገብቶኛል ልል አፌን ስከፍት ያች «ለማን?» ትመጣብኛለች። ሁልጊዜ ግን አታስቆመኝም።

በዚያው ዓመት ለዓረፋ እናቴ ሌላ ተምር አስመጣች። ያን ጊዜ አባቴም ወንድሞቼም እያዩኝ ከየእፍኙ ቀመስኩ፤ ጣፋጭ ነበር። አያቴ ግን ማኘክ አቁመው ነበር። የብስኩቱ ዙሪያ ቂጣ ለእሳቸው የማይሆን ነገር ሆነ። እናቴ ብስኩቱን ከፍታ ተምሩን ብቻ አወጣች፣ በሞቀ ወተት አላልታ በጣቷ አፋቸው ውስጥ አደረገችላቸው። ዋጡት። ጥቂት ቆይተው አፋቸውን እንደገና ከፈቱ። የአንዱን ብስኩት ተምር እንዲህ ጨረሱት።

እናቴ ሳህኑን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ሳህኑን ቀስ ብዬ አነሳሁ። ባዶውን ቂጣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ በላሁት።