ስሜን ፍለጋ እስከ መቻራ

ሐሙስ ማለዳ፣ አሰበ ተፈሪ

ከአሰበ ተፈሪ የተነሣሁት ስሜን ፍለጋ ነው። እንዲህ ብዬ ስጽፈው ራሴንም ያስቀኛል። ሠላሳ አራት ዓመት የሞላት፣ በየወሩ ፈርማ ደመወዝ የምትቀበል፣ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ስም በታይፕ ስትመታ የምትውል ሴት ስሟን ልትፈልግ አውቶቡስ ትሳፈራለች? እኔ ተሳፈርኩ።

ስምማ አለኝ። ትርፌ እባላለሁ። እናትና አባቴ ገና ጡት ሳልጥል ተከታትለው ስለሞቱ ያሳደገችኝ የአባቴ እኅት ናት፤ ሚኤሶ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ። አክስቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ማዕድ በቀረበ ቁጥር «ትርፍ አፍ» ትለኝ ስለነበር ስሜ ከዚያ የመጣ መስሎኝ አደግሁ። በኋላ ያገባኝ ሰውም ልጅ ስላልወለድኩለት ሌላ ሊያገባ ሲነሣ፣ «አንቺ ለዚህ ቤት ትርፍ ነሽ» ብሎ ሸኘኝ። አልተከራከርኩም። ስሜን ነው የጠራኝ ብዬ ልብሴን ሸከፍኩ።

ባለፈው ክረምት ወባ ጥሎኝ ሰንብቼ ነበር። በትኩሳቱ መካከል «ከዚህ አልጋ ካነሣኸኝ ከደጅህ አልርቅም» ብዬ ለፈጣሪ ተሳልኩ። አነሣኝ። እኔም ንስሐ ገብቼ ልቆርብ አባ ኃይለ ጊዮርጊስ ዘንድ ሄድኩ። ገና ከመቀመጤ፣ «የክርስትና ስምሽ ማን ነው?» አሉኝ። ሌላው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የራሱን ነገር እኔ አላውቀውም ነበር።

«መጠመቅሽንስ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«እሱንም አላውቅም፣ አባ።»

አልተቆጡኝም። «ካልተጠመቅሽ እናጠምቅሻለን፤ ምንም ችግር የለውም። ከተጠመቅሽ ግን ጥምቀት አይደገምምና ሄደሽ አጣሪ። ስምሽ አንድ ቦታ ተቀምጦልሽ ይሆናል» አሉኝ።

በእጄ የነበረው ፍንጭ አንድ ብቻ ነው። አክስቴ በሕይወት ሳለች፣ መቻራ መወለዴንና እዚያ አፀደ የምትባል ዳቦ ሻጭ የክርስትና እናት እንዳለችኝ አንድ ቀን አምልጧት ተናግራ ነበር። አፀደ ትኑር ትሙት አላውቅም። ሞታ ከሆነ ስሜም አብሯት ተቀብሯል ማለት ነው።

ለጉዞው የቀበሌ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሊቀመንበራችን ብዕሩን አንሥቶ «የጉዞው ምክንያት?» ሲለኝ ስም ፍለጋ ነው ማለት አልደፈርኩም፤ ዘመድ ጥየቃ አልኩት። ጽፎ ማኅተሙን እያሳረፈ፣ «ጓዲት ትርፌ፣ ቅዳሜ ተመለሺ። እሁድ ጠዋት ስብሰባ አለ፤ ስም ይጠራል» አለኝ። የቀበሌያችን ስብሰባ ሁልጊዜ እሁድ ጠዋት፣ ልክ በቅዳሴው ሰዓት ነው።

ረፋድ፣ የበዴሳ መንገድ

እስከ ገለምሶ አራት ብር ከፍዬ በመስኮት በኩል ወንበር አገኘሁ። ከጎኔ የተቀመጠችው ፋጡማ የምትባል የገለምሶ ነጋዴ ነበረች። ጨርቅ ይዛ ወደ ገለምሶ ትገባለች፣ ጫት ይዛ ትወጣለች። አውቶቡሱ ከተማዋን ከከበቧት ተራሮች አንዱን እያቃሰተ ሲወጣ ብርድ በመስኮቱ ገባ። ቁልቁል ሳይ እርከን በእርከን የተሠራው ማሳ ማሽላውንና ጫቱን ጎን ለጎን ይዟል። ፋጡማ ሸንኮራዋን በጥርሷ ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ። ወንበር ያላገኙ አሥር ያህል ሰዎች ደግሞ መተላለፊያው ላይ ቆመው፣ መኪናው በታጠፈ ቁጥር እላያችን ላይ ይወድቃሉ።

ኬላው ሊታይ ሲል መኪናው ቆመ። ረዳቱ፣ ሪዙ የሸበተ ጎልማሳ፣ በሩን ከፍቶ «ትርፍ ውረድ! ትርፍ! ትርፍ!» እያለ ጮኸ።

በዚህ መንገድ ላልተመላለሰ ላስረዳ። ከወንበር በላይ መጫን ክልክል ስለሆነ፣ የቆሙት ከኬላው በፊት ይወርዱና በገመዱ ሥር በእግራቸው ያልፋሉ፤ ፍተሻው ሲያበቃ ወዲያ ማዶ መልሰው ይሳፈራሉ። ፈታሾቹም ያውቃሉ፣ ተሳፋሪውም ያውቃል፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

እኔም ወረድኩ። ቲኬቴን በእጄ እንደያዝኩ፣ ወንበሬን ትቼ፣ ከቆሙት ሁሉ ቀድሜ ወረድኩ። አቧራው ውስጥ ከትርፎቹ ጋር ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ሄጄ መልሼ ስሳፈር፣ ፋጡማ ወንበሬ ላይ ዘንቢሏን አስቀምጣ ጠበቀችኝ።

«አንቺ! ቲኬት የለሽም እንዴ?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ወረድሽ?»

«ትርፍ ሲል… ስሜ ትርፌ ነው። የጠራኝ መሰለኝ።»

ሻሿ እስኪወልቅ ሳቀች። ከፊት የተቀመጡትም ዞረው ሳቁ፤ እኔም አብሬ ልስቅ ሞከርኩ፣ እንባዬ ቀደመኝ። ፋጡማ ወዲያው ሳቋን ዋጠችና ዘንቢሏን አነሣች።

«አቦ፣ አታልቅሺ! ስም ሌላ፣ ወንበር ሌላ። ወላሂ፣ የከፈልሽበት ነው። ታኢ!» በኦሮምኛ ተቀመጪ ማለቷ ነው። «ታኢ፣ እኅቴ!» ብላ ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

ከዚያ እስከ ገለምሶ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ከየት ከየት ስወርድ እንደኖርኩ እያሰብኩ ነበር። ማንም ሳይገፋኝ የወረድኩበት ብዙ ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ከገለምሶ ወደ መቻራ

ገለምሶ በገበያ ቀኗ አገኘኋት። ብርቱካኑ፣ ሽንኩርቱ፣ የላስቲክ ጫማው መንገዱን ሞልቶታል። አንዲት ቤት ገብቼ የማሽላ እንጀራ በወጥ በላሁ። ሆጃ የሚሉትን፣ ከቡና ገለባና ከወተት የሚፈላውን መጠጥ በሃያ አምስት ሳንቲም ቀመስኩ። ጨው አለበት፤ መጀመሪያ ፊቴን አጨማደድኩ፣ ሁለተኛውን ግን ራሴ አዘዝኩ።

ወደ መቻራ አውቶቡስ አልነበረም። ቡና ሊጭን በሚሄድ ባዶ የጭነት መኪና ላይ ከጆንያ ክምር ጋር ተሳፈርኩ። መንገዱ መንገድ አይባልም፤ የደረቀ ወንዝ ይመስላል። በየጉድጓዱ ስንነጥር ጆንያው ወደ እኔ፣ እኔም ወደ ጆንያው እንወድቅ ነበር። ቀይ አቧራው ፀጉሬን ቀለም ቀባው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ በየደጁ ቡና የተሰጣባት መቻራ ታየችኝ። አፀደ አሁን ወይ አለች ወይ የለችም።

ከመኪናው ወርጄ መጀመሪያ ያገኘኋቸውን ሽማግሌ፣ «አባባ፣ ዳቦ ጋግረው የሚሸጡ እማማ አፀደ የሚባሉ ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«አፀደ? ዳቦውን ከተወች ቆየች፤ ዓይኗ ደክሟል። ያ ቆርቆሮው የዛገ ቤት ነው» አሉኝና በከዘራቸው አሳዩኝ።

በሕይወት አለች! መንገድ መሀል ቆሜ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

እማማ አፀደ ደጃቸው ላይ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጠጋ ብዬ፣ «እማማ፣ ትርፌ ነኝ። የቡና መጋዘን ዘበኛ የነበረው የበቀለ ልጅ» አልኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን ዳሰሱ፣ ከዚያ አንገቴን ዳሰሱ፣ በዚህ በዚያም ፈለጉ።

«ክርሽ የታል?» አሉኝ። ማተቤን ነው።

«በልጅነቴ ተበጥሶ ጠፋ። ሌላ ያሰረልኝ የለም።» «እማማ፣ ተጠምቄ ነበር?»

«ምን ማለትሽ ነው? በእነዚህ እጆች አይደለም እንዴ ያነሣሁሽ! ወለተ ትንሣኤ!»

ይህን ስም በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። ግን ሲጠሩት «አቤት» አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣኝ።

እጄን ይዘው እያሻሹ ነገሩኝ። «እናትሽ ሦስት ልጅ ቀብራ ነው አንቺን የወለደችው። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ አይደል ክርስትና የምትነሣው? እናትሽ ሰማንያ ቀን ትቆያለች ብላ አላመነችም፤ በየማለዳው አፍንጫሽ ሥር እጇን እያደረገች ትንፋሽሽን ታዳምጥ ነበር። ቀኑ ሲሞላ የፋሲካ ሳምንት ላይ ዋለ፤ ቄሱ ወለተ ትንሣኤ አሉሽ። እናትሽ ደግሞ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ‹ይቺ ተረፈችልኝ፤ ትርፌ ናት› እያለች እያለቀሰች ስትስቅ ነበር። ስምሽ ከዚያ ወጣ።»

እኔ ይህን ስሰማ ያለቀስኩትን ለቅሶ ለባሌም፣ ለአክስቴም፣ ለማንም አልቅሼው አላውቅም። ያልፈለጉኝ ሰዎች ያወጡልኝ መስሎኝ ስሸሸው የኖርኩት ስም የእናቴ ደስታ ነበር።

ዓርብ ጠዋት፣ መቻራ

እማማ አፀደ በማለዳ ጥቁር ክር ገምደው አንገቴ ላይ አሰሩልኝና ክንዴን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱኝ። አጥሩ በር ላይ ያገኘናቸው ቄስ መርሻ አርባ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቀጭን ረጅም ሰው ናቸው።

«አባ፣ ይቺ ወለተ ትንሣኤ ናት» አሏቸው እማማ።

ቄሱ ለመባረክ ያነሡት መስቀል አየር ላይ ቀረ። «የትኛዋ ወለተ ትንሣኤ?»

«እርስዎ የሚጠሯት ናታ!»

ቄስ መርሻ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ የነገሩኝን እስክሞት አልረሳውም። «እማማ አፀደ በየቅዳሴው ለጸሎት ስም ያስጠራሉ። ድሮ እኔ ትንሽ ዲያቆን ሆኜ ሳገለግል ነፍሳቸውን ይማርና የቀድሞው ቄስ ይጠሩት ነበር። ቄስ ስሆን እኔ ተቀበልኩ። አንድም ቀን አስታጉለው አያውቁም። የት እንዳለሽ፣ ምን እንደምትመስይ አናውቅም። ስንጠራሽ፣ ስንጠራሽ ኖረን መልክሽን ዛሬ አየን!»

እማማ አፀደ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «አክስትሽ ይዛሽ ስትሄድ የት እንደወሰደችሽ አልነገረችኝም። ዳቦ አልልክልሽ ነገር! ያለኝ ስምሽ ብቻ ነበር፤ እሱን ላክሁ» አሉ።

አሰብኩት። ሚኤሶ ትርፍ አፍ ስባል፣ እዚህ በመሠዊያው ፊት ስሜ እየተጠራ ነበር። ባሌ ሲያባርረኝ እየተጠራ ነበር። ወባው ጥሎኝ ቤቴን የሚያንኳኳ ጎረቤት ሳጣ፣ ከእኔ ብዙ ርቀት ላይ አንዲት ዓይነ ደካማ ሴት ስሜን ለእግዚአብሔር እየነገረችልኝ ነበር። ማንም አያውቀኝም ባልኩባቸው ዓመታት ሁሉ እሱ ያውቀኝ ነበር።

ኬላው ላይ ከትርፎቹ ጋር መውረዴን ለቄሱ ስነግራቸው ከልባቸው ሳቁና፣ «ጌታ በምድረ በዳ ያን ሁሉ ሕዝብ ካበላ በኋላ ትራፊውን ጣሉት አላለም፤ አንዲትም እንዳትጠፋ ሰብስቡ ነው ያለው። በእሱ ቤት ትርፍ አይወርድም» አሉኝ። አጥሩ ሥር ቆሜ እማማ አፀደን አቅፌ እልል አልኩ። የማታ የማታ እልልታዬ ወጣ። ቡና ሊያስጡ የሚሄዱ ሴቶች ሠርግ ያለ መስሏቸው ቆመው አዩን፤ አንዷም ምክንያቱን ሳትጠይቅ አብራን እልል አለች።

ቅዳሜ፣ መልስ

ከገለምሶ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ያው የሐሙሱ ነበር። ፋጡማ ጫቷን ጭና መጣች፤ ዛሬ ግን ወንበር አላገኘችምና አጠገቤ ቆመች። ኬላው ጋ ስንደርስ ሪዙ የሸበተው ረዳት «ትርፍ ውረድ! ትርፍ!» አለ።

ጉልበቴ ከልማዱ ሊነሣ ፈለገ። ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩ። ረዳቱ ሐሙስ ከትርፎቹ ጋር አይቶኛልና «እሷስ?» አለኝ።

«ወንበር አለኝ» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮክ ብሎ ወጣ፤ የኋላው ሰው ሁሉ ሰማ።

ፋጡማ እየወረደች ነበር። ከውጭ መስኮቱን መታ መታ አድርጋ፣ «ታኢ! ታኢ!» እያለች እጇን ወዘወዘችልኝ። ከኬላው ማዶ መልሳ ስትሳፈር ጠጋ ብዬ ግማሽ ወንበሬን ሰጠኋትና ተጨናንቀን ተቀመጥን። የክርስትና ስሜን ማግኘቴን ስነግራት፣ «ማሻ አላህ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዱዓ ሲደረግልሽ አንቺ ታለቅሺያለሽ!» ብላ ጭኔን መታችኝ።

ሲመሻሽ አሰበ ተፈሪ ገባሁ፤ ቤቴ ሳልደርስ በቀጥታ አባ ኃይለ ጊዮርጊስ ዘንድ ሄጄ ንስሐዬን ተናገርኩ። «የክርስትና ስምሽ?» አሉኝ እንደ መጀመሪያው ቀን። «ወለተ ትንሣኤ» አልኳቸው። «ተቀምጦልሻል አላልኩሽም?» ብለው ነገ እንድቆርብ ነገሩኝ።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝን ለአንባቢ በአጭሩ ልናገር። የጠሉኝ ሰዎች ስለ እኔ የተናገሩትን አምኜ ስኖር፣ የወደደኝ አምላክ የተናገረውን ሄጄ አልጠየቅሁም ነበር። መጠየቁ ሦስት ቀንና ጥቂት ብር ብቻ ፈጀ። ትርፌ የሚለውን ስም አልቀየርኩትም፤ ዛሬ ግን ስፈርም ፊደሉን አሰፋዋለሁ።

እሁድ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ ቅዳሴ አስቀደስኩ፤ ስሜ ተጠራ፤ ቆረብኩ። ሰኞ ወደ ሥራ ስሄድ ሊቀመንበሩ መንገድ ላይ አስቆመኝ።

«ጓዲት ትርፌ! ትናንት ስም ሲጠራ የት ነበርሽ?»

አንገቴ ላይ ያለውን ክር አልሸፈንኩትም።

«ስም ሲጠራማ ነበርኩ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩት። «አቤትም ብያለሁ።»