አርባዋ እስኪወጣ ያልሰረዝኩት ስም

ሰው ሲሞት ስሙን ከዕድር መዝገብ የሚሰርዝ ጸሐፊ አለ። ከማሽን የምሰርዘው ግን እኔ መሆኔን ያወቅሁት ጓደኛዬን ቀብረን በተመለስን ማግስት ነው። ሞጣ ያለው ተቆጣጣሪያችን ደወለና፣ «ነፍስ ይማር። በይ እንግዲህ የሟችን ካርድ ከሲስተሙ አውጪው» አለኝ። ነፍስ ይማርና ሰርዢ በአንድ ትንፋሽ! ስልኩን ጆሮው ላይ ልዘጋበት ትንሽ ነበር የቀረኝ።

የምንሠራበት ድርጅት ባለቤት ሞጣ ላይ ምግብ ቤት፣ እዚህ ብቸና ላይ ደግሞ ሱፐርማርኬት አላቸው፤ ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ሲስተም ነው። ካሸር አንዴ የመታችውን ዕቃ በራሷ መሰረዝ አትችልም። ከሁለታችን ኃላፊዎች አንዳችን፣ እኔ ወይም ጓደኛዬ፣ መጥተን አንገታችን ላይ የተንጠለጠለውን ባለፎቶ ካርድ ባንኮኒው ጠርዝ ላይ ወደተለጠፈችው ጥቁር ሳጥን ማስጠጋት አለብን። መንካት እንኳ አያስፈልግም፤ ጣት ያህል ከቀረባት በልብስ ላይም ታነባለች። ጢጥ ትልና ስክሪኑ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ የባለካርዱን ስም ያወጣል። ጓደኛዬ በየቀኑ «እንኳን ደህና ቆየኸኝ» እያለች ትመልስለት ነበር። ከማሽን ጋር የምታወራ እብድ ነበረች፤ በጣም ነው የምወዳት።

«አርባዋ ሲወጣ እሰርዘዋለሁ» አልኩት ተቆጣጣሪውን። ነፍሷ ገና ማረፊያዋን ሳታውቅ ስሟን በገዛ እጄ ላጠፋ? «ኧረ ይሄ ኮምፒውተር ነው!» ብሎ ሳቀ። «ኮምፒውተርም ቢሆን!» አልኩት። ካርዱ የት እንዳለ ሲጠይቀኝ ግን ወሬ ቀየርኩ። ሥራ ላይ አሟት፣ ካርዷን እንዳንጠለጠለች ቤቷ ገባች፣ በሦስተኛው ቀን አለፈች። ማን ለቅሶ ቤት ገብቶ «ይቅርታ፣ ካርድ አስቀርታ ነበር» ይላል?

አሥራ ሁለተኛው ቀን ባለፈ ሰሞን ነው የጀመረው። ማለዳ ሱቁን ከፍተን ሦስት አራት ሰው ተሰልፏል። እኔ ዘይት እየደረደርኩ ነበር። ጢጥ አለ፣ ካሸሯም «በስመ አብ!» ብላ ከወንበሯ ተነሣች። ሮጬ ሄድኩ። ስክሪኑ እንኳን ደህና መጡ ይላል፣ ከሥሩ የጓደኛዬ ስም፣ ከነአባቷ። ባንኮኒው ላይ ከዕቃ በቀር ምንም አልነበረም። በማግስቱም በዚያው ሰዓት ገባች። በሦስተኛው ቀን ካሸሯ ጠበል አምጥታ ማሽኑ ላይ ረጨችበትና ግማሽ ቀን ሥራ ፈታን። «ምን ዓይነቷ ጅል ነሽ!» ብዬ ጮህኩባት። ጮህኩባት እንጂ እኔም በሆዴ አቡነ ዘበሰማያት እየደገምኩ ነበር።

ፈራሁ ብል ግማሹን ብቻ መናገር ነው። ናፍቃኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቀደም ብዬ እየመጣሁ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሜ እጠብቃት ጀመር። ጢጥ ሲል ቀስ ብዬ «መጣሽ?» እላለሁ።

የሞጣው ተቆጣጣሪ ደወለ። «ሟች በየጠዋቱ ትገባለች፤ ማነው የሚቀልድብን? ዛሬውኑ ሰርዢ!»

«አርባዋ ሲወጣ ብዬሃለሁ» አልኩት።

ሳምንት ቆይቶ ነው የገባኝ። የጓደኛዬ እናት ከኪዳን ሲመለሱ እኛ ጋ ጎራ ብለው ጧፍ ወይም ክብሪት ይገዛሉ። ወገባቸው ስለጎበጠ ባንኮኒው ላይ በደረታቸው ደገፍ ይላሉ። ያን ቀን አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ደገፍ አሉ፣ ጢጥ አለ፣ ቀና ሲሉ ነጠላቸው ሸርተት አለ። ካርዱ አንገታቸው ላይ ነው። በኛ አገር ሐዘንተኛ እናት የልጇን ፎቶ አንገቷ ላይ ታንጠለጥል የለ? ጓደኛዬ ደግሞ ፎቶ አትወድም ነበር፤ ካደገች ወዲህ የተነሣችው ለዚህ ካርድ ብቻ ነው።

ለካስ! እፎይ ልል አፌን ስከፍት እማማ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው፣ «እንደምን አደርሽ ልጄ» አሉ።

ፊደል አይለዩም። «እማማ፣ ማንን ነው?» አልኳቸው።

«ልጄን ነዋ። ቤት ስጠራት ዝም፣ መቃብሯ ላይ ስጠራት ዝም። እዚህ ስመጣ ግን አቤት ትለኛለች።»

ይህን ያሉኝ ዛሬ ብርድ ነው እንደሚል ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ የምሰርዘው ስም ብቻ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። ስሟ እንዲሁ ይቆይ ብዬ ተቆጣጣሪውን ለመንኩት፣ ተለማመጥኩት። «ካርዱን ተቀበያቸውና ፎቶውን አሳድገሽ ስጫቸው» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን የፎቶ ነገር አልነበረም። ማሽኑን ነቅዬ ቤታቸው ልትከልላቸው ነው እንዴ? ደግሞ አርባዋ ሲወጣ ያልኩት ራሴ ነኝ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ተዝካሯ ወጣ። በማግስቱ፣ ጠላው ገና ከራሴ ሳይወጣ፣ ስሟን ፈልጌ አገኘሁና ሰርዝ የሚለውን ነካሁ። «እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ። አልነበርኩም። ነካሁት።

በነጋታው እማማ መጡ። ክብሪት አሉ፣ ደገፍ አሉ። ሳጥኗ ቀይ አበራችና እንደታመመ ሰው ረዘም አድርጋ አቃሰተች። እማማ ጠበቁ። ቀና ብለው እንደገና ደገፍ አሉ። ቀይ። ከኋላቸው የተሰለፈ አንድ መምህር ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ካሸሯ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ለሦስተኛ ጊዜ ደረታቸውን ባንኮኒው ላይ ጫን አደረጉና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ተቀየምሽኝ?» አሉ።

አልቻልኩም። ባንኮኒውን ዞሬ ከኋላቸው ቆምኩ፣ የራሴን ካርድ በክንዳቸው ሥር አሳልፌ ሳጥኗ ላይ አስጠጋሁት። ጢጥ። ስክሪኑ በራ፤ እንኳን ደህና መጡ አለ፣ ከሥሩ የኔ ስም፣ ከነአባቴ።

«እንደምን አደርሽ ልጄ» አሉ እማማ፣ ስሜን ትክ ብለው እያዩ።

በቁሜ እንደ ሟች ሰላም ተባልኩ። እጄ እስከ ክርኔ ቀዘቀዘ። ዝም ልል ነበር፤ ግን አፌ ራሱ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማዬ» ብሎ መለሰ። እኔ እማማ እንጂ እማዬ ብያቸው አላውቅም። እማዬ የምትላቸው እሷ ነበረች።

ዞረው አላዩኝም። ስክሪኑን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉትና፣ «ተመስገን፣ ዛሬስ ድምፅሽም መጣ» ብለው ክብሪታቸውን ይዘው ወጡ።