ፍሪጅ ሲከፈት የሚነሣው ጂን

ቱሪድ ሃውኮስ ማንንም ሳታሞኝ የዋለችበት ቀን ካለ፣ ያን ቀን ታማ ተኝታለች ማለት ነው።

የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት። በርገን ከተማ ሥነ ሕይወት ተምራ ቤተ ሙከራ ብትቀጠርም፣ የያዘችው ብርጭቆ ሁሉ ከእጇ እየሾለከ አስቸገረ። አለቃዋ ጉንቮር ስብርባሪ መጥረግ ሲሰለቻት፣ "ነይ፣ የማይሰበር ነገር ልስጥሽ" ብላ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠቻት። እዚያው ቀረች።

የምትጠብቀው የግንድ ሕዋሳትን የመረጃ ቋት ነው። ግንድ ሕዋስ ገና ልብ ልሁን ወይስ ጉበት ብሎ ያልቆረጠ ሕዋስ ነው፤ ወዴት እንደሚያዘነብል የሚታወቀው የትኛው ጂን እንደበረታ፣ የትኛው እንዳንቀላፋ ሲለካ ነው። ተመራማሪዎች ከየአገሩ የለኩትን ይልካሉ፤ ቱሪድ መርምራና አስተካክላ ኢንተርኔት ላይ ታወጣዋለች፤ የፈለገ ሁሉ በነጻ ያያል። እዚህ ላይ ቀልድ አታውቅም። ፍዳውን የሚያየው አጠገቧ የሚቀመጠው የኮምፒውተር ባለሙያ አስላክ ነው። ቡናው ውስጥ ጨው፣ ወንበሩ ሥር ጡሩምባ! አስላክ ዝም ብሎ ይችለዋል።

በኤፕሪል የመጀመሪያ ቀን፣ ውሸት በሚፈቀድበት ዕለት፣ ቱሪድ የውጭ ሰው በማያየው የቋቱ የልምምድ ገጽ ላይ አንድ ጂን ፈጠረች። ስሙን በድመቷ "ሞንስ" አለችው። ከሥሩም "ይህ ጂን የሚነሣው ፍሪጅ ሲከፈት ነው" ብላ ጻፈችና አስላክን ጠራችው።

አስላክ አየ። አልሳቀም።

"ቱሪድ፣ ይሄ እኮ የልምምዱ ገጽ አይደለም።"

"ምን?"

"ለዓለም የተከፈተው ነው። ጠዋት ገጾቹን አዛውሬያቸዋለሁ፤ አልነገርኩሽም?"

ልትሰርዘው ስትሞክር ገጹ እምቢ አለ። ወዲያው ከፖርቱጋል የኢሜይል መልእክት መጣላት፦ "ስላገኛችሁት ጂን እንኳን ደስ አላችሁ! እኛም አይተነዋል።" ቱሪድ ከዚያ በታች አላነበበችም። ኮምፒውተሯን ታቅፋ፣ ጉንቮር የምትመራው ስብሰባ መሐል ጥልቅ አለች።

"ጉንቮር፣ አባርሪኝ! ሳይንስን አበላሸሁ!"

ጉንቮር መነጽሯን አድርጋ መልእክቱን ጮክ ብላ አነበበችው። "'...እኛም አይተነዋል። በእኛ ድመት ግን የሚነሣው ለሰርዲን ብቻ ነው። የተጠበሰ ከሆነማ ጭራም ያስቆላል።' ቱሪድ፣ እስከ መጨረሻው አላነበብሽውም እንዴ?"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። በሩ ላይ አስላክ ሆዱን ይዞ ግድግዳ ተደግፏል። ገጹ ከመጀመሪያውም የልምምዱ ነበር፤ ቆልፎባት ነው፤ የፖርቱጋሉም መልእክት የእሱ ሥራ ነው።

"አንተ እባብ!" አለች ቱሪድ፣ እንባዋን እየጠረገች። "እኔ እኮ ደረቅ እንጨት ትመስለኝ ነበር!"

"ጨዋማ ቡና የጠጣ እንጨት" አላት።

ጉንቮር ፈረደች፦ ሁለቱም አርብ ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ የቀረፋ ዳቦ ይጋግሩ። ጋገሩ፤ የቱሪድ አረረ፣ የአስላክ ለሁለተኛ ዙር እንኳ አልተረፈም።

የሞንስ ጂን ግን ከልምምዱ ገጽ አልወጣም። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ቱሪድ ኮስተር ብላ "እስቲ ይህን መርምረህ አጽድቅልኝ" ትላለች። ዘንድሮ የመጣችው ልጅ ረጅም ጊዜ አፍጥጣ አየችውና፣ "ፍሪጁ የማን ነው? ሌላ ፍሪጅስ ተሞክሯል?" ብላ ጠየቀች።

ቱሪድ ወደ አስላክ ዞራ ጠቀሰችው። ልጅቷ ዛሬ ከሁለቱ መሐል ተቀምጣ ትሠራለች፤ ቡናዋን ሳትቀምስ አትጠጣም።