ተሸናፊ ይነሣል፣ ቆሞ ያየ ይቀመጣል

በደርግ ዘመን፣ ከቀበና ወንዝ እስከ እንጦጦ አናት ድረስ፣ በዳማ ከሚፈሩት ሁለት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ስሜ ሲነሣ የሌላ ሰፈር ተጫዋች ቆርኪውን ኪሱ ከትቶ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር ብል የሚከራከረኝ የለም። የሚከራከረኝ የጠፋው ግን ተከራካሪ ስላልቀረ ነው። እውነቱን ካላችሁኝ፣ በዚያን ጊዜ በዚያ ሁሉ አገር ዳማ የምንጫወተው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከእንጦጦ የሚወርደው መንገድ ወንዙ ጋ ሊደርስ ሲል አንድ ባሕር ዛፍ ነበር። አራት ጎረምሳ ተያይዞ የማያቅፈው ዛፍ ነው፤ ሰዎች ሁለት ይበቃሉ ቢሉም እኔ በአራቱ እጸናለሁ። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ እዚያ ሥር የሚሰበሰበው ሰው ብዛት ለቅሶ ቤት ያስመስለው ነበር። አናጢው፣ አስተማሪው፣ ባለሱቁ፣ ከደብሩ ቅዳሴ ጨርሶ የሚወርደው ዲያቆን፣ ሁሉም በሳንቃ ሰሌዳ ላይ አቀርቅሮ ቆርኪ ይገፋል። እኔ ያኔ ገና ወጣት ነኝ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ፋይል ከክፍል ወደ ክፍል አመላልሳለሁ።

ሰሌዳው የጋሼ ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአሰብ መንገድ ላይ ጣሊያን ሠራሽ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም ከመሪው ተነሡ፤ ሲነሡ ከአሮጌው መኪናቸው ጎን አንድ ሳንቃ ነቅለው ይዘው መጡ። እሱን በጥቁርና በነጭ ቀለም ከፋፍለው ዳማ አደረጉት። “የአሰብ ፀሐይ ዓይኔን እንደ ከረሜላ መጥጣ ተፋችው” ይላሉ። ሰው ፊታቸው መቆሙን ያያሉ፤ ማን እንደሆነ ግን አያዩም። ስለዚህ የሚጫወቱት በጣታቸው ነበር። የአንዱ ወገን ቆርኪ ጀርባው ወደ ላይ፣ የሌላው ጥርሱ ወደ ላይ ይደረደራል። ጋሼ አውራ ጣታቸውን ሰሌዳው ላይ አንድ ጊዜ ያሳልፉና የጦር ሜዳውን በሙሉ አንብበው ይጨርሳሉ።

አንድ ቀን የባሕር ዛፉ ፍሬ ከላይ ወድቆ አንዷን ቆርኪ ገለበጣት። ጋሼ ዳሰስ አደረጓትና “ይቺ ደግሞ መቼ ተገለበጠች? መንግሥት ተለወጠ እንዴ?” አሉ ጮክ ብለው። አናጢው በዚያች ቅጽበት ሚስቱ እንደምትጠራው ትዝ አለው። ባለሱቁም ሱቁን ሳይቆልፍ እንደመጣ ታወሰው።

የዛፉ ሥር ሕግ ሁለት ናት። ተሸናፊ ይነሣል። ቆሞ ያየ ይቀመጣል። ይኸው ነው። ሚኒስትር ብትሆን፣ ቄስ ብትሆን፣ ከተሸነፍክ ተነሥ፤ ከተሸናፊው ጀርባ ቆመህ ካየህ ደግሞ ተራህ ደርሷልና ተቀመጥ። “ዝም ብዬ ላይ ነው የመጣሁት” የሚባል ነገር የለም። ማየት ከፈለግህ ወንዙን እይ፣ ይላሉ ጋሼ።

መመናመኑ የጀመረው ቀበሌው የወጣቶች አዳራሽ ሲከፍት ነው። አዳራሹ ውስጥ ፒንግፖንግ ገባ። አረንጓዴ ጠረጴዛ፣ መረብ፣ ከላይ አምፖል፣ በዝናብ የማያስነሣ ጣሪያ! ባሕር ዛፍ ምን ይዞ ይወዳደር? መጀመሪያ ጎረምሶቹ ሄዱ። ከዚያ አናጢው “ጠረጴዛውን ልጠግንላቸው” ብሎ ሄዶ በዚያው ቀረ። ባለሱቁ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ። ዲያቆኑን ብሔራዊ ውትድርና ወሰደው፤ እሱ ሲሄድ እንኳ ማንም አልቀለደም። በመጨረሻ የሄደው የልብ ባልንጀራዬ፣ አስተማሪው ነበር።

“አንተ ከሃዲ” አልኩት።

“አንተስ እዚያ ምን ታደርጋለህ? ሁለት ሰው ቀርታችሁ ማኅበር ነን ትላላችሁ?”

“ነን!”

“ወንድሜ፣ የሁለት ሰው ማኅበር ትዳር ነው የሚባለው።”

ሳቅሁ። ጋሼን ትቼ መሄድ ግን አልቻልኩም። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ። ድሬዳዋ ያለችው ልጃቸው ‘አባዬ፣ ብቻህን ምን ትሠራለህ፣ ና እኔ ጋ’ እያለች በመጣ በሄደ ሰው ሁሉ ትልክባቸዋለች። ጋሼ ድሬዳዋን አይጠሉም፤ ግን እዚያ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ከመጦር በቀር ሥራ የላቸውም። ቀበና ሌላ ነው። እያንዳንዷን ጠጠር በእግራቸው ያውቋታል። አንድ ቀን ቆርኪውን በከረጢት እየሰበሰቡ፣ “ስማ አንተ ልጅ፣ እዚህ ዛፍ ሥር የሚጠብቀኝ አንድ ሰው እስካለ ድረስ አልሄድም። የጠፋ ቀን ግን ሰሌዳዬን ይዤ ባቡር እሳፈራለሁ” አሉኝ። ያ አንድ ሰው እንግዲህ እኔ ነኝ። ኃላፊነቱ አገር ከመምራት አያንስም ነበር ብል ትንሽ ነው የምጨምረው።

ችግሩ ሕጓ ነበረች። ሁለት ብቻ ስንቀር ተሸናፊው ቢነሣ የሚቀመጥ የለም። “እንግዲህ ሕጓን እናንሣት” ብዬ ነበር። ጋሼ ተቆጡ። “ፍሬን የሌለው መኪና እነዳለሁ እንዴ? ትነሣለህ!” አሉ። ስለዚህ መላ ፈጠርን። የተሸነፈ ይነሣል፣ ዛፉን አንድ ጊዜ ይዞራል፣ በሌላ በኩል ሲመጣ ግን ተሸናፊው ሳይሆን አዲስ መጭ ነው። ጋሼ “ተረኛ ማነው?” ይላሉ። “እኔ ነኝ” እላለሁ። “ጎሽ፣ ያኛው ልጅ ደካማ ነበር፤ አንተ ትሻል ይሆናል” ብለው ያስቀምጡኛል። እንዲህ እያደረግን በአንድ እሑድ ብዙ ሰው ሆነን እንውላለን።

ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ አንዲት ሴትዮ ነበረች፤ ሸክሟን ዛፋችን ላይ አስደግፋ ትንፋሿን ትሰበስባለች። መዞሬን ስታይ ዝም አትልም።

“ምነው ወንድሜ፣ ዛሬም ጤፍ እየወቃህ ነው? አውድማ ላይ ያለ በሬ እንኳ አፉን ሞላ አድርጎ ይዞራል!”

“ስፖርት ነው እቴ” እላለሁ።

“እንዲያ ከሆነ ይቺን እንጨት ይዘህ ዙር፤ ስፖርቱ ይበረታልሃል።”

አደጋው የመጣው በቀበሌ ስብሰባ ነው። ሊቀመንበሩ ተነሥቶ፣ ሳይደራጅ በየዛፉ ሥር የሚቀመጥ ሰው ሥራ ፈትነትን እያስፋፋ ስለሆነ ይህ ነገር እንዲቆም፣ ሰሌዳ የተባለም ሁሉ ወደ አዳራሹ እንዲገባ ተወስኗል አለ። ጋሼ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ዞር ብለው አላዩኝም፤ ብቻ ትከሻቸው ዝቅ አለ። ባቡሩ ሲነፋ የሰማሁ መሰለኝ። ሳላስበው እጄን አወጣሁ።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ የኛ ዛፍ የተደራጀ ነው።”

“ስንት አባል አላችሁ?”

“ሠላሳ” አለ አፌ። እኔ አላልኩም፤ አፌ ነው ያለው።

ሊቀመንበሩ ከላይ እስከ ታች አየኝ። “ጥሩ። እሑድ ከሰዓት መጥቼ አየዋለሁ። ሠላሳው ከሌሉ ሰሌዳው ይገባል።”

ያን ሳምንት በቀበና ያላንኳኳሁት በር የለም። ሁሉም እመጣለሁ አለ። አበሻ ሲጠራ መቼ አልመጣም ብሎ ያውቃል? አናጢው ማለ። ባልንጀራዬ አስተማሪው ብቻ እውነቱን ነገረኝ። “እሑድ የፒንግፖንግ ውድድር አለኝ። ደግሞ ሠላሳ ከምትል አምስት ብትል ምን ነበረበት? ውሸት እንደ ወጥ ነው፤ ጨው ሲበዛ አይበላም።”

እሑድ ደረሰ። የመጡትን ልቁጠርላችሁ፦ ጋሼ። እኔ። ሴትዮዋ ደግሞ በመንገዷ ቆመችና ነገሩን ሰምታ “እኔንም ቁጠረኛ፤ ለምኖ ያጣ ሰው ማየት አልወድም” ብላ እንጨቷ ላይ ቁጭ አለች። ቀሪውን አባል ነፋስ በላው። ጋሼ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ቆርኪውን ደረደሩ። “ጀምር። ዳገት ላይ ነን፤ ማርሽህን አስተካክል” አሉኝ።

ጨዋታው መሐል ላይ ሊቀመንበሩ ብቅ አለ፤ ከኋላው መሣሪያ ያነገተ አብዮት ጥበቃ አለ። መጥቶ ልክ ከጀርባዬ ቆመ። ጥላው ሰሌዳው ላይ ሲያርፍ ይታየኛል። ከዚያ በኋላ እጄ ምን እንደገፋ አላውቅም፤ ጋሼ በአንድ ዝላይ ሦስት በሉኝና አለቀ። አሁን ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? ዘወር ብሎ ‘ጓድ ሊቀመንበር፣ እንደምን ዋሉ’ ይላል፤ ያስረዳል፤ ይለምናል። እኔ ግን እግሬ ለምዶት ኖሮ ብድግ ብዬ ዛፉን መዞር ጀመርኩ።

ከግንዱ ጀርባ ስደርስ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ወዲያው የጋሼ ድምፅ መጣ።

“ተረኛ! ምን ይገትርሃል? ቁጭ በል!”

ከግንዱ ጋር ተጣብቄ ቀረሁ።

“አንተን እኮ ነው! ቆሞ ያየ ይቀመጣል። ወይስ ለማየት ነው የመጣኸው? ለማየት ወንዙ አለልህ!”

በአንድ ዓይኔ ብቅ ብዬ አየሁ። ሊቀመንበሩ ሱሪውን በጉልበቱ በኩል ሳብ ሳብ አድርጎ ተቀመጠ።

ጋሼ ቆርኪ ሲያቀብሉት እጁን ነካ አደረጉት። “እጅህ ለስላሳ ነው። ቢሮ ነህ?”

“አዎ… ቢሮ ነኝ።”

“አይዞህ፣ እንገራሃለን።”

ገሩት። እኔ ነፍሴ እንጦጦ ወጥታ ቁልቁል ታየኛለች፤ ጋሼ ግን ዘና ብለዋል። “ተው፣ እዚያ ጋ ገደል አለ። አልሰማ አልክ? ይኸው ገባህ! በል ውጣ፣ ኋላ ማርሽ አስገባ።” ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ፊቱን ቋጥሮ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ወደ ሰሌዳው ማጎንበስ ጀመረ፤ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፤ አንድ ቆርኪ ሲበላ “እሰይ!” ብሎ ጭኑን መታ። ሴትዮዋ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። በመጨረሻ ተሸነፈ። ተነሣ። ሲነሣ ከጀርባው የቆመው አብዮት ጥበቃው ነበር።

“ተረኛ!” አሉ ጋሼ።

አብዮት ጥበቃው አለቃውን አየ። ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰበና “ምን ታየኛለህ፣ ሕጉን ሰምተህ የለ?” አለው። ልጁ ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ ተቀመጠና ከኔም ፈጥኖ ተሸነፈ። ያኔ እኔ ከግንዱ ጀርባ እንደ አዲስ መጭ ብቅ አልኩ። ማንም ምንም አላለኝም፤ ተራዬ ነበር። ተሸነፍኩ። ሊቀመንበሩ ትከሻዬን ገፋ አድርጎ “ተነሣ፣ ተነሣ፣ አሁን ነገሩ ገብቶኛል” ብሎ ተቀመጠ። አልገባውም ነበር።

ፀሐይ ወደ ጉለሌ ስታዘነብል ኮፍያውን አደረገ። “እነዚያ ሠላሳዎቹ…” አለ።

“በየተራ ነው የሚመጡት፣ ጓድ ሊቀመንበር።”

አፌን አየ፣ ዛፉን አየ፣ እንጨቷ ላይ የተቀመጠችውን ሴትዮ አየ። “በል ሠላሳ አንድ በለው። ግን በሥራ ሰዓት እንዳላያችሁ” ብሎ ሄደ።

ጋሼን ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤታቸው ስሸኛቸው አላስችለኝ አለ። “ጋሼ፣ የተጫወቱት ከማን ጋር እንደነበር ያውቃሉ?”

“በየስብሰባው እየጮኸ እንቅልፍ ሲነሣኝ ከርሞ ድምፁ ይጠፋኛል?”

“ታዲያ እንዴት ደፈሩ?”

“ምን ደፈርኩ? ከጀርባህ ቆሞ አየ፤ ቆሞ ያየ ይቀመጣል። ለሱ ብለን ሕጓን ብናጥፋትማ ምን ልታደርግልን ነው የጠበቅናት?” አሉና ትንሽ እንደሄድን፣ “ለልጄ ግን መልእክት ላክላት፤ ዘንድሮም አይመጣም በላት” አሉ።

ከዚያ ወዲያ ማኅበራችን አበበ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ አላበበም። ሊቀመንበሩ አንዳንድ እሑድ ያለ አጃቢ እየመጣ ተሸንፎ ይሄዳል። የአዳራሹ የፒንግፖንግ ኳስ ተሰነጠቀ፤ በከተማው ሌላ ኳስ ጠፍቶ በፕላስተር ቢያሽጉት እንደ እንቁላል እየወደቀ እምቢ አለ። ያኔ ባልንጀራዬ አንገቱን ደፍቶ መጣና ከጀርባዬ ቆመ። ኳስ ሲገኝ ደግሞ ሄደ። ብዙውን ጊዜ ግን ሁለታችን ነበርን፤ ጋሼና እኔ። ድሬዳዋ ለጥየቃ ሄደው ተመለሱ እንጂ አልቀሩም፤ ዕድሜያቸውን እዚያው ቀበና ጨረሱት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥሩ እሑዶች አሳልፌያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን ጥቂት ነው።

ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ እንኳ ጉቶውን የከበበ ጎድጎድ ያለ ቀለበት መሬቱ ላይ ቀርቶ ነበር። ክረምት ሲገባ ውሃ ይይዛል፤ ልጆች የወረቀት ጀልባ ይለቁበታል። አንዳንዱ ድሮ አውድማ ነበር ይላል፤ ሌላው ፈረስ ይታሰርበት ነበር ይላል፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ የጥንት ቅጥር ነው ብለው ሲያስረዱ ቆሜ ሰምቻቸዋለሁ። አላረምኳቸውም። ያንን ቀለበት በእግሬ የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ጋሼ አንድ ጊዜ እንኳ ዞረውት አያውቁም፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ፣ እኒያን ዓይናቸው የማያይ ሰው፣ አንድ ጨዋታ እንኳ አላሸነፍኳቸውም።